ለእትዬ ደብሪቱ የተጻፈ

ዘርአጽዮንን መጀመሪያ ያየሁት ወሎ ሰፈር፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ በመሰላል ተንጠልጥሎ ነው። ዘመኑ 1972 ነበር። ዘንቢሌን አስቀምጬ የሳለውን ቡጢ አየሁት።

«አንተ ሰዓሊ! በየስብሰባው የምናነሳው የትኛውን እጅ ነው?»

«ግራ።»

«ይኼ ታዲያ የማን ነው? ነገ ቀኝ መንገደኛ ቢሉህ ምን ልትል ነው?»

ቡጢውን አየ፣ የራሱን እጅ አየ፣ ብሩሹ አመለጠው። ለካ ግራኝ ነው፤ በግራው እየቀባ ቀኙን አይቶ ስሏል።

«ጽሕፈትህ ግን ቆንጆ ነው» ብዬ ከሥሩ ያለውን መፈክር አነበብኩለት።

«ንባብ ማን አስተማረሽ?»

«የወጥ ቤት መደርደሪያ።»

ሳቀ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ቦሌ በሠራተኝነት የተቀጠርኩበት ቤት መደርደሪያ ላይ የሚነጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ እየገላለጥኩ ነው ፊደል የለየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ መንገድ ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። ብዙ አያወራም። ዝም ብሎ ሲያየኝ ግን የምለው ይጠፋኝ ነበር፤ እኔን የምለውን የሚያሳጣኝ ሰው ብርቅ ነው።

እሑድ ከሰዓት የማርፈው በእትዬ ደብሪቱ ምክንያት ነው። በየቪላው እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡ ሴት ናቸው። የሰፈሩን የቤት ሠራተኞች ደሞዛችን በእጃችን እንዲሰጠን፣ በሳምንት ግማሽ ቀን እንድናርፍ ያስተባበሩን እሳቸው ናቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አቤቱታውን እጽፋለሁ። ለዚህ ውለታቸው ቀበሌው ሦስት ሳምንት አሰራቸው። በኋላ ነገሩ ከበላይ ሲመሰገን ሐሳቡ የራሱ እንደነበር የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ረታን ትዝ አለው።

ወዲያው «ለሠራተኞች መብት የታገሉ አንድ አዋቂና አንድ ወጣት ይሸለማሉ» ተባለ። ወሬውን ያመጣልኝ ዘርአጽዮን ነው። ወጣቷ እኔ። አዋቂዋ የጓድ ረታ ሚስት፣ ወይዘሮ ብርነሽ! ስኳር ላስሽ ብላ ሠራተኛዋን ጓዳ አስገብታ የቆለፈችባት ታጋይ።

«የምስክር ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለኝ። «ጓድ ረታ ባዶውን ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ።»

«እና ትጽፈዋለህ?»

«ወይንዬ፣ ስሚኝ እስቲ...»

«ወይንዬ አትበለኝ! እንዲህ ያለ ጽሕፈት ለእንዲህ ያለ ፈሪ መሰጠቱ ነው የሚገርመኝ።»

አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወሎ ሰፈርን በሌላ መንገድ ዞርኩት። እግሬ እሺ አለኝ፤ ልቤ ግን በድሮው መንገድ ይሄድ ነበር።

የሽልማቱ ዕለት አዳራሹ የሄድኩት ሽልማቴን ሰው ፊት ልመልስ ነው። ከቀበሌው የበላይ፣ ከከፍተኛው የመጣ እንግዳ ፊት ተቀምጧል። ጓድ ረታ ማይክሮፎኑን ጨበጠ።

«ጓድ ወይንሸት የመሠረተ ትምህርት ፍሬ ናት! የሁለቱንም ተሸላሚዎች ወረቀት ራሷ ታነብልናለች!»

የመሠረተ ትምህርት ክፍል ረግጬ አላውቅም። ዘርአጽዮን በቀይ ጥብጣብ የታሰረውን ጥቅል አቀበለኝ። ፊቱን ሳላይ ተቀበልኩት። የአዋቂዋን ፈታሁ።

«ለሠራተኞች መብት በጽናት ለታገሉት... ለወይዘሮ ደብሪቱ ገብረወልድ።»

ደግሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከኋላ የቆሙት ሠራተኞች እልልታውን አቀለጡት። እንግዳው ደብሪቱን ከብርነሽ በምን ይለያል? ተነስቶ አጨበጨበ። እሱ ካጨበጨበ ጓድ ረታ ምን ያድርግ? አጨበጨበ። ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሯ ብድግ ልትል ነበር፤ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እትዬ ደብሪቱ ሳሙና የበላው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወጡ።

የእኔን ወረቀት ይዤ ወረድኩ። የዘርአጽዮንን ጽሕፈት ለጓድ ረታ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መች አስጨረስሽኝ?»

ሰኞ ጠዋት አሰሩት። ስንቅ ይዤ ስሄድ ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ።

«ምኑ ነሽ?»

«እጮኛው።»

ለእሱ ለራሱ ገና አልነገርኩትም ነበር። በማግሥቱ ዘበኛው ባዶውን ሳህን ሲመልስልኝ ፈገግ አለ።

«ጠየቅኩት። ‹እሷ ካለች ነኝ› አለ።»

ሰባት ወር ተመላለስኩ። ሲፈታ ተጋባን። እትዬ ደብሪቱ ምስክር ሆነው ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። የጋብቻ ወረቀታችንን የሞላው የጓድ ረታ አዲሱ ጸሐፊ ዶሮ የጫረችው አስመስሎታል። ዘርአጽዮን ባየው ቁጥር ይነጫነጫል።

የእትዬ ደብሪቱ የምስክር ወረቀት ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። እኔ ጓድ ረታ የፈረመበትን ነገር ግድግዳ ላይ አልሰቅልም። የእኔን መደርደሪያዬ ላይ አነጠፍኩት፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ። ጽሕፈቱ የባሌ ነው።