ጉንዳኖቹ ያልነኩት ወተት

እኔም ብሰማ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ምን የለ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል።

መንታ ነው የወለድኩት። ወተቴ ለሁለት አልበቃ ሲል ሴቷን ጡት፣ ወንዱን ጡጦ አደረግን። የዱቄት ወተቱን የምበጠብጥበት ውሃ ከአጥራችን ወዲያ ያለው የባትሪ ፋብሪካ ለሰፈሩ ካስቆፈረው ጉድጓድ የሚመጣ ነው። ሲመረቅ አጨብጭበናል።

ወንዱ ሰሞኑን ማልቀስ ትቷል። ዝም ብሎ ያየኛል...

የዚያን ቀን ጡጦው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

የቤታችን ጉንዳን ደግሞ ስኳር ጠብ ካለ ከእኛ ቀድሞ የሚደርስ ነው።

መጡ...

ቆሙ...

ወተቱን ዙሪያውን ዞረው ተመለሱ። አንዷም አልቀመሰችም።

"እማማ..." አልኩ በሹክሹክታ፣ አማቴን። "አዩት?"

"አየሁት።"

"ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ውሃውን አፍልተሽዋል?"

"እስኪንተከተክ!"

ማንቆርቆሪያውን ከፍተው አዩ። ታቹ ላይ ግራጫ ቅርፊት ተጋግሯል። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉትና ቶሎ ብለው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ደሜ ፈላ። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቼ ፋብሪካው በር ሄድኩ። ኃላፊው ወጣ፤ ብብቱ ሥር የታሸገ ውሃ ይዟል።

"ውሃው ንጹህ ነው እናት። ተመርምሯል።"

"እንግዲያው እንካ፣ ጠጣ።"

"አሁን ጠጥቼ መጣሁ።"

"አንድ ጉንጭ!"

ብርጭቆውን አየ... እኔን አየ።

"ከፈራሽ ጡት ስጪው። እንደ እናት ጡት ያለ የለም" አለና በሩን ዘጋው።

ፊቱ ላይ ልደፋበት ይገባ ነበር! አልደፋሁም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሮጬ ተመለስኩ። ጡጦውን ወረወርኩት፣ ልጄን አንስቼ ጡቴን አጎረስኩት። እሱ አንዱን ሲጠባ ከሌላው ወተት ወለሉ ላይ ጠብ... ጠብ... አለ።

ጉንዳኖቹ መጡ።

ቆሙ።

ዞሩት።

ያኔ ገባኝ። እኔስ ምን ስጠጣ ኖርኩ? ያንኑ ውሃ! እርግዝናዬን ሙሉ! ያ የታሸገ ውሃ ታቅፎ የሚዞር ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? መርዙን ለልጆቼ በእኔው ጡት አሳልፎ፣ በእኔው ጡት ሊመክረኝ!

"እማማ... ሴቷም እኮ..."

"ዝም በይ" አሉኝ። "ወለሉን እዪ።"

ጉንዳኖቹ ከግድግዳው ስንጥቅ በረድፍ እየወጡ ነበር። እያንዳንዷ ነጭ ነገር ይዛለች። ፍርፋሪ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ...

ልጆቻቸውን ነው የተሸከሙት።

መንታዎቼን አቅፌ ተከትያቸው ወጣሁ። ከጎረቤትም ደጃፍ ረድፍ ወጥቷል። ከቀጣዩም። እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከየበሩ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሰፈሩን ለቀው እየሄዱ ነው...

ጎረቤቴ ደፏ ላይ ቆማለች። ጉንዳኖቹ በእግሮቿ መሃል ይጎርፋሉ።

አየችኝና ፈገግ አለች። በእጇ የሕፃኗን ጡጦ እየናጠች ነበር።