ከፍሬዎቹ የተላቀቀው ወርቅ

ምንትዋብ ጠዋት ላቦራቶሪው ስትገባ ጋዋኗን ትለብስና መጀመሪያ የምታየው ማማሰያው ላይ የተጣደውን ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ሰናፍጭ የሚያካክሉ የፖሊመር ፍሬዎች ይዞራሉ፤ በየፍሬው ላይ ዓይን የማያያቸው የወርቅ ዘለላዎች ተጣብቀዋል። ካታሊስት ነው፤ ሌላውን ይለውጣል እንጂ ራሱ አይለወጥም። ባሏ ልሳኑ የጀመረው ሥራ ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ ሞት ቀደመው።

"ወርቅ ከወርቅ ይፈላለጋል፤ ፖሊመሩ ለያይቶ ካልያዘው ተሰብስቦ ያርፈዋል" ይላት ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ በጋብቻ ቀለበቱ ብልቃጡን ኳ ኳ ያደርጋል። "ነይ እንጂ እናቴ፣ አንጀቴ ታጠፈ!"

ዘንድሮ መጋዘኑ ውስጥ ወርቅ ጠፋ። ሥራው ካላለቀ ሊዘጋ ነው፤ ልሳኑ ዳግመኛ ሊሞትባት። ስለዚህ የራሷን ቀለበት፣ ውስጡ "ልሳኑ" ተብሎ የተቀረጸበትን፣ አውልቃ አሲድ ውስጥ ከተተችው። የእሱ ቀለበትማ ከእሱ ጋር ነው፤ ሲገነዝ በገዛ እጇ ጣቱ ላይ አጥልቃለት አብሮት ተቀብሯል።

"በስመአብ! ኧረ የቃል ኪዳን ቀለበት አይሟሟም ልጄ" አሏት የመጋዘኑ ጋሽ ንጋቱ።

"ከሥራው አይበልጥም፣ ጋሼ" አለችና ፊቷን አዞረች። እንባዋን እንዲያዩባት አልፈለገችም።

የሟሟው ወርቅ ፍሬዎቹ ላይ ተጣበቀ፣ ሥራው ሰመረ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ክፍሉ የአሲድ ሳይሆን ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይሸት ጀመር። መስኮቱን ብትከፍት ሽታው ባሰ፤ ብትዘጋው አብሯት ተዘጋ። ወርቁ ቡናማ ያደረጋቸው ፍሬዎችም ቀስ በቀስ እየነጡ ሄዱ፣ ፈሳሹም እንደ ክረምት ወንዝ ደፈረሰ። ከእንቅልፍ እጦት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋና ማማሰያው ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከብልቃጡ ውስጥ ግን ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ።

"ልሳኑ?" አለች፤ ፍርሃቷን ናፍቆቷ በለጠው።

ፈሳሹን አጠለለች። ፍሬዎቹ ሁሉ ነጥተዋል፣ ከሥራቸው አንድ ሙሉ ቀለበት ተኝቷል። ወርቁ ተፈላልጎ ተገናኘ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ጭቃውን በጋዋኗ ጠርጋ ወደ ብርሃን አስጠግታ ውስጡን አነበበች። "ልሳኑ" አይልም፣ "ምንትዋብ" ይላል፤ በገዛ እጇ የቀበረችው የእሱ ቀለበት።

ያን ጊዜ ከኋላዋ የመስኮቱ መስታወት ተንኳኳ፤ በቀለበት ሳይሆን በባዶ ጣት።