ሰኞ «ምድር ቤት» ዝግ ነው

ደረጃ ሰጪው የተገኘው «ምድር ቤት» በሚባለው መጠጥ ቤት የቢራ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ፣ አንድ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ነው። በጫማው በሩን ሲደበድብ እንደነበር የተገነጠለው ተረከዙ ይመሰክራል። የሰማው ግን የለም። ሰኞ «ምድር ቤት» ዝግ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጠጪ በከተማው አይገኝም።

ሰውዬው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር። በዓመት አንዴ በከተማው ሬዲዮ ቀርቦ፣ ማታ ወጣ ብሎ ለመዝናናት የሚሆኑትን መጠጥ ቤቶች ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረድራል። ድራፍት የሚቀዳባቸው ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ሦስት ነገር መደርደር ምን ይከብዳል የሚል ካለ እንግዳ ሰው ነው። በዚያ ዝርዝር የተነሳ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉ። የፈረሰ እጮኝነትም አለ፤ እሱ እንኳ ሌላ ምክንያትም ነበረው ይባላል። የዘንድሮው ሊነበብ የታሰበው ማክሰኞ ማታ፣ ሬሳው የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት።

መርማሪዋ ስትደርስ አዛዡ ነገሩን ጨርሶት ነበር። እሷን ከተማው «መርፌ» ይላታል፤ አንድም ቅጥነቷን አይቶ፣ አንድም የገባችበት ቦታ ሁሉ ክር ሳትጎትት ስለማትወጣ።

«ያዝናት» አለ አዛዡ። «አስተናጋጇን። ሰኞ በስምንት ሰዓት ወለሉን ወልውላ የዚህን በር መቀርቀሪያ ከውጭ የዘጋችው እሷ ናት። ራሷ አምናለች። አምና ሟቹ በሬዲዮ አኩራፊ ብሏት ነበርና ቂም ይዛ ነው። በአስራ አንድ ሰዓት መኪናው ወደ ዋናው እስር ቤት ይወስዳታል።»

«የስምንት ወር ሕፃን የምታጠባዋን?»

«ሕፃኑን አላሰርኩትም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሬሳውን ስታይ ራሷን አዞራት። ቀና አለችና ክብሪት ጭራ ቀስ እያለች ወደ ታች አወረደችው። ጉልበቷ ላይ ሲደርስ እሳቱ ድርግም አለ።

«ቢራውን ወደ ቧንቧ የሚገፋው ጋዝ ነው» አለ የቤቱ ባለቤት ከደጃፉ ሆኖ። ሆዱ ከፊቱ ስለሚቀድም «ዱባ» ይሉታል። «ከባድ ነው፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ አየር ያሳጣል።»

«ሲሊንደሩ ግን ዝግ ነው፣ ጋሼ።»

«ዝግ ነው።»

«የሞተ ሰው ተነስቶ አይዘጋውም።»

ሲሊንደሩ አንገት ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፎ፣ በእጅ ተዳብሶ ተነጥፏል። ዱባ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ከለከለችው።

«የወለል መወልወያ ነው» አለ ተናዶ። «ቦታው እላይ ውኃው ጋ ነው። ማን እዚህ እንዳመጣው እንጃ። ይልቅ ንገሪኝ እህቴ፣ ደረጃውን የሚጽፍበት ደብተር ኪሱ ውስጥ አለ?»

ደብተሩ የለም።

«እንግዲህ ዘንድሮ አንደኛ ማን እንደሆነ በምን ልናውቅ ነው?»

የዚያ ቀን ጣጣዋ ይህ ሆነ። ስለ ሞቱ ትጠይቃለች፣ ስለ ዝርዝሩ ይጠይቋታል። ሐኪሙ ሬሳውን ገልብጦ እያየ «ለመሆኑ ዘንድሮም ምድር ቤት ነው አሉ?» አላት። የሬዲዮው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሟቹ ቅጂ ትቶ እንደሆነ ይለምናታል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ክፍሉ ሌላም መግቢያ አለው። ከኋላ መንገድ ላይ የሚነሳ የብረት ክዳን አለ፤ የቢራ መኪናው ሰኞ ማታ በርሜሉን የሚያወርደው በዚያ ነው። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ቁልፍ አይገባለትም፤ መቀርቀሪያው ብቻ ከውጭ ይሸጎራል። መኪናው በዚህ ሰኞ ተበላሽቶ ቀርቷል። ክዳኑ አጠገብ የውኃ ቧንቧ አለ፣ ከጎኑም የመወልወያው ጨርቅ የሚሰቀልበት ምስማር።

«ይህን መግቢያ ማን ያውቃል?» አለችው ዱባን።

«ቢራ የሚሸጥ ሁሉ። እኔ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ አማቴ ቤት ነበርኩ፤ እዚያ መዋሌን ሃያ ሰው ያውቃል፣ ለእኔም ደስታ አልነበረም።»

ቢራ የሚሸጡት ሌሎቹ ቤቶች ሁለት ናቸው፤ «ጓሮ» እና «ሰገነት»። የ«ጓሮ» ባለቤት የሟቹ የሚስት ወንድም ነው። ከተማው በሙሉ «አማች» ይለዋል። የገዛ እህቱ ባል ሰባት ዓመት መጨረሻ አድርጎታል።

አማች ወንበር እየጠገነ አገኘችው። ሲሊንደሩ ጥግ ላይ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎበታል።

«እህቴ መበለት ሆነች፣ አንቺ ደግሞ እኔን ልትጠይቂ መጣሽ» አለ ሳይነሳ።

«መቼ አየኸው?»

«እሑድ።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አሳረፈች። አልተወዛወዘም። በዚያ ቤት የማይወዛወዝ ጠረጴዛ ተአምር ነውና ጎንበስ ብላ አየች። እግሩ ሥር የታጠፈ ጋዜጣ ተሸጉጧል። አወጣችና ዘረጋችው፤ የትናንት ነው።

«የሰኞ ጋዜጣ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከተማ አይገባም። ዛሬ ጠዋት የሸጎጥከው አንተ ነህ እንዳልል፣ ሰባት ዓመት ያልሸጎጥከውን ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

አማች መዶሻውን አስቀመጠ። «ጋዜጣውን ይዞት የመጣው እሱ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ቢወዛወዝበት የሸጎጠውም ራሱ ነው። ተጣላን። ቤትህ ይወዛወዛል፣ ቢራህ ግን ንጹሕ ነው፣ ዘንድሮ ሁለተኛ አደርግሃለሁ አለኝ። አላመንኩትም፤ የሚያላግጥብኝ መሰለኝና ውጣልኝ አልኩት። ዛሬ ሬሳውን ሲያወጡ ሳይ፣ መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ሁለተኛማ ሁልጊዜ ሰገነት ናት።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ይስቃል እንጂ አይመልስም።»

ስለዚህ ሰውዬው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በሩ ከተቀረቀረ ቆይቶ፣ በእግሩ ይሄድ ነበር። መርማሪዋ ይህን ለአዛዡ በስልክ ስትነግረው «አስተናጋጇ ተመልሳ መጥታ ዘጋችበታ» አለ። እሷስ ያኔ የት ነበረች? ቤቷ፣ ከእናቷ ጋር። የእናት ምስክርነት ደግሞ አይቆጠርም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

«ሰገነት» ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ከተማው ከእግር በታች የሚታይበት ውብ ቤት ነው። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ደግ ሴት ናት፤ እትዬ ይሏታል። ፀሐይዋ ከማቃጠሏ የተነሳ የባንኮኒው እብነ በረድ ላይ እጅ አይቀመጥም።

«ነይ ልጄ፣ ጥላው ሥር። ፊትሽ ገርጥቷል፣ ከጠዋት የበላሽው የለም አይደል?»

«የለም እትዬ። ሟቹን ትናንት አይተውታል?»

«ምስኪን። አላየሁትም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰኞ እዚህ የምታጥበውም የምትጠርገውም ይቺው ፊትሽ የቆመችው ሴት ናት።» እያወራች ባልዲ ውስጥ ያለ ጨርቅ ጨመቅ አድርጋ፣ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሲሊንደር አንገት ላይ አለበሰችው፤ ሁለቴ ዳበሰችው። «ያቺ ልጅ እኮ እኔ ጋ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራ አዋቂ ናት፣ ግን ክፉ ሆድ አላት። እንዲህ ያደርሳታል ብዬ አልገመትኩም።»

«ለምን ወጣች ከእርስዎ?»

«ጠባያችን አልገጠመም፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ሲሊንደሩን አየች፣ እትዬን አየች፣ አመስግና ወረደች። ደረጃው ላይ ቆም ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። የያዘችው የጨርቅ አነጣጠፍ ብቻ ነው። ይህን ለአዛዡ ብትነግረው ስቆ ለሚስቱ ያወራላታል። ሰዓቱ ደግሞ ስምንት አልፏል።

እስር ክፍሉ ውስጥ አስተናጋጇ ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሶ፣ በክንዷ ሸፍና ተቀምጣለች።

«ሕፃኑ ስኳር ውኃ እምቢ ብሏል አሉ» አለች። «እናቴ ናት የላከችብኝ።»

«የሰገነቷ እትዬ ጠባያችን አልገጠመም አሉኝ።»

«እውነት ነው።»

«የኔ እናት፣ ከመኪናው ሦስት ሰዓት አይቀረንም። በልብሽ ያለውን ለማን ነው የምታስቀምጪው?»

ልጅቷ ክንዷን ከደረቷ አወረደች። «እትዬ ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን ቢራ፣ ሰው ብርጭቆ ላይ የተወውን ሳይቀር በባልዲ ትሰበስብና መልሳ ታስቀዳዋለች። ሁለት ዓመት የቀዳሁት እኔ ነኝ። ብናገር እኔም እከሰሳለሁ ብዬ ዝም አልኩ። እሑድ ግን ደረጃ ሰጪው ዘንድሮ ሰገነት አንደኛ ነው ሲለኝ አላስቻለኝምና ነገርኩት። ፊቱ አመድ ሆነ። ሰባት ዓመት ሲያሞግሰው የኖረውን ነው እኮ። ነገ ሄጄ በፊቷ እጠይቃታለሁ፣ ማክሰኞ በሬዲዮ አወጣዋለሁ አለ።» አፏን በመዳፏ ያዘች። «የነገርኩት እኔ ነኝ። ያስገደልኩት እኔ ነኝ።»

«የሚገድልና የሚናገር አንድ ሆኖ አያውቅም» አለች መርማሪዋና ተነሳች።

በአስር ሰዓት ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ዱባ፣ አማች፣ እትዬ፣ እጇ የታሰረ አስተናጋጅ፣ የማስተላለፊያ ወረቀቱን በብብቱ የያዘ አዛዥ። መኪናው ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ያጉረመርማል።

«አጭር ይሁን» አለ አዛዡ።

«አጭር ነው። ጋዙ ትናንት ተከፍቶ፣ በኋላ ተዘግቷል። የከፈተው ሰው ሲዘጋው ምን እንዳደረገ ማየት እፈልጋለሁ። ጋሼ ዱባ፣ ይህን እርጥብ ጨርቅ አፍንጫዎ ላይ ይያዙና ገብተው አሁን የከፈትኩትን ሲሊንደር ዘግተው ይውጡ። ክፍሉ ተናፍሷል፣ አይፍሩ።»

ዱባ እያቃሰተ ገብቶ ዘጋ፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። መርማሪዋ መልሳ ከፈተችው።

አማች ገብቶ ዘጋ፤ ጨርቁን መሬት ላይ ወርውሮት ወጣ። «አሁን ይሄ ምን ይባላል?» አለ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ተራ።»

እትዬ ፈገግ ብላ ገባች። በግራ እጇ ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ ይዛ በቀኟ ዘጋች። ከዚያ ጨርቁን አጠፍ አድርጋ የሲሊንደሩ አንገት ላይ አለበሰችው፣ ሁለቴ ዳበሰችው፣ ዞር አለች። አምስት ሰው እጇን ሲያይ አየች። እሷም ዞራ ጨርቁን አየችው።

«እንዲሁ ነበር የተገኘው» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቤት ሲሊንደር ጨርቅ አይለብስም፤ ምድር ቤት ነው፣ እንደ ዋሻ ቀዝቃዛ። ጓሮ ያለው በሣጥን ነው። በእርጥብ ጨርቅ የሚያድረው የሰገነቱ ብቻ ነው፣ ከፀሐዩ ብዛት። እትዬ፣ ሟቹ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከአማች ቤት ወጥቶ እርስዎ ጋ መጣ። ስለ ባልዲው ጠየቀዎት። እርስዎ ደግሞ፣ ዱባ የሚያደርገውን ሳታይ በኔ አትፍረድ፣ ና ላሳይህ ብለው በኋላ መንገድ አመጡት። እሱ በርሜሎቹን ሲመለከት እርስዎ ጋዙን ከፍተው ወጡ፣ ክዳኑን ሸጎሩ። በበሩ በኩል ደግሞ መቀርቀሪያው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ተዘግቷል። ሲመለሱ ከቧንቧው ላይ ጨርቁን አርጥበው አፍንጫዎን ሸፈኑ፣ ደብተሩን ወሰዱ፣ ጋዙን ዘጉ። የቀረውን እጅዎ ሠራው።»

«ጨርቅ ነው እኮ» አለ አዛዡ፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

እትዬ አልሰማችውም። «ልገድለው አልነበረም» አለች። «ጥቂት ይጨነቅና ደብተሩን ይስጠኝ ብዬ ነው። ሲደበድብ ክዳኑ ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ። ቆየት ብሎ ተወ። ሲተወው፣ ተስማማ ብዬ እኮ ነው የገባሁት።»

አማች ግድግዳው ላይ ግንባሩን አሳረፈ።

«ደብተሩስ?» አለች መርማሪዋ።

«አቃጠልኩት።»

አዛዡ ወረቀቱን አወጣና ተመለከተው። የተጻፈው ስም የአስተናጋጇ ነው፣ ማኅተምም አለበት። «አዲስ መጻፍ አለበት» አለ፤ «ጸሐፊዋ ደግሞ ቤቷ ገብታለች። እስከ ነገ ሁለቱም ይቆዩ።»

መርማሪዋ ቀኑን ሙሉ የዋጠችው ንዴት አሁን ወጣ፤ ግን አልጮኸችም። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች፣ ስሙን በእስክሪብቶ ሰረዘች፣ ሌላ ስም ጻፈችበት፣ ከሥሩ ፈረመች። «ነገ በኔ ላይ ክስ ይጻፉ» አለችው። «ጸሐፊዋ ስትመጣ።» ከዚያ የእጅ ሰንሰለቱን ቁልፍ እስኪሰጣት መዳፏን ዘርግታ ቆመች። ሰጣት።

የልጅቷ እናት ሕፃኑን አዝላ ከመኪናው ኋላ ቆማለች። ሕፃኑ ከልቅሶ ብዛት እንቅልፍ ጥሎትም ይነፋረቃል። አስተናጋጇ እየሮጠች ወጥታ ሕፃኑን ከእናቷ ጀርባ ተቀበለች፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጡቷን አወጣች። ሕፃኑ ዓይኑን ገለጠ፣ እናቱን አየ፣ ፊቱን አዞረ። ብታባብለውም መልሶ አዞረ።

«ተቀየመኝ» አለች ልጅቷ።

እናቷ ነጠላዋን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። «ይቀየም» አለቻት። «የሚቀየማት እናት አለችው።»