የእማማ ሴራን ገመድ

በዛምራ ምድር ሲመታ ዝናብ የሚያወርደው ነጋሪት የተሰረቀ ዕለት፣ መውረድ የጀመረው ዝናብ ከሰማይ መካከል ወደ ላይ ተመለሰ። ሌባው የጉሙ ዘንዶ ኡርጋሽ ነበር።

ንጉሡ እግረኛ ጦር ጠራ። የሸክላ ሠሪው ልጅ ኪራም ከጎረቤቱ ከዶልጋ ጋር ተሰለፈ። በዛምራ ሕግ እግረኛ ብቻውን አይዘምትም፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወገባቸው በአንድ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ እስካልተፈታ ድረስ ዘንዶው የታሰሩትን አያያቸውም። የምታስረው እናት ናት። ኪራም እናት ስላልነበረው የዶልጋ እናት እማማ ሴራን ከገዛ ፀጉራቸው በፈተሉት ገመድ ሁለቱንም አሰሯቸው።

«አንዳችሁ ሌላውን ጥሎ እንዳይመጣብኝ» አሉ።

ሁለቱም በቋጠሮው ላይ እጃቸውን አኑረው «ይህን ብፈታ ምድር አትቀበለኝ» ብለው ማሉ።

መንገዱ ረጅም ነበር። ጫማቸው ተበጣጠሰ፤ ስንቃቸው ሻገተ።

«አንተ ስታንኮራፋ እኮ ዘንዶው ራሱ አገር ጥሎ ይሄዳል» ይል ነበር ዶልጋ። «ንጉሡ እኛን ለምን አደከመን?»

«የአንተ እግር ከሸተተውማ መሸሻ ጊዜም የለው» ይል ነበር ኪራም።

ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ሳቁ ቀረ። ኡርጋሽ የታሰሩትን ባያይም በጅራቱ ምድሩን ይጠርግ ነበር። ከፊታቸው የሚሄዱት ሁለት ወታደሮች ተጨፍልቀው ወደቁ፤ ደማቸውም የኪራምን ፊት መታው። ጣቶቹ ወደ ወገቡ ሄዱ።

«ኪራም፣ ምን እያደረግህ ነው?»

ኪራም በወገቡ ያለውን ቋጠሮ ፈትቶ ከቋጥኝ ሥር ተሸጎጠ።

ያን ጊዜ ዘንዶው አየ። ፊት ለፊቱ የቆመው ዶልጋ ነበር። ዶልጋ «ኪራም» ብሎ አንድ ጊዜ ተጣራ፤ ከዚያ ጦሩን ይዞ በተከፈተው አፍ ውስጥ ገባና ላንቃውን በሳው። ኡርጋሽ ወደቀ፤ ጉሙም ተገፈፈ። ኪራም የጓደኛውን ሬሳ ከመንጋጋው ጎትቶ ሲያወጣ፣ በዶልጋ ወገብ ያለው ቋጠሮ አልተፈታም ነበር።

ከጦሩ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር፤ ዶልጋን ቀብሮ ገመዱንና የተሰረቀውን ነጋሪት ይዞ ተመለሰ። በመንገድ ላይ የገመዱን ጫፍ የዘንዶው ጥርስ የበጠሰው እስኪመስል ድረስ በድንጋይ ቀጠቀጠው።

ነጋሪቱ ተመታ፤ ዝናቡ ወረደ። ሕዝቡ «ዘንዶ ገዳይ፣ ኪራም» እያለ እየጨፈረ እስከ እማማ ሴራን ደጃፍ አጀበው። እሳቸው የገመዱን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥርሱ ነው የበጠሰው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ልጄ ብቻውን አልሞተም» አሉ። እንደ አገሩ ልማድ፣ ከሞት የተረፈውን የልጃቸው ምትክ ሊያደርጉት ገመዱን በኪራም ወገብ ዙሪያ ማሰር ጀመሩ። 

ኪራም መሬት መሬት እያየ «ይተዉት» አለ። «ጥርስ አልነካውም። እኔ ነኝ የፈታሁት። ጫፉንም የቀጠቀጥሁት እኔ ነኝ።»

እጃቸው ቆመ። ውጭ ጭፈራው ደምቋል።

«ልጄ ስትፈታው ሲያይህ ምን አለ?»

«ስሜን ጠራኝ።»

እማማ ሴራን ገመዱን ከወገቡ ላይ ሳብ አድርገው ራሳቸው ታጠቁት። ከዚያ በሩን ከፈቱለት።

«ውጣ። አሁን ደግሞ አንተ ስሙን ጥራ።»

ኪራም ዝናቡ ውስጥ ቆመ።  ሰዎቹ ሊሸከሙት እጃቸውን ዘረጉ።

«ዶልጋ» አለ። «ዘንዶውን የገደለው ዶልጋ ነው። እኔ ፈትቼው ሸሸሁ።»

የተዘረጉት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።