ብሎኑን ያልመጠነው ዳዶ

ሽማግሌው መካኒክ የሞተው መፍቻውን እንደጨበጠ ነው። የሳሙና ፋብሪካው አዲሱ የእንፋሎት ጋን ክዳን ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶች ሬሳውን አንስተው፣ ክዳኑንና ፍርስራሹን በሸራ ሸፍነው፣ በሩን አሽገው ነበር። ሴትዮዋ ከሰው ይልቅ ብረት ታምናለች፤ ብረት አይምልማ።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት። ጋኑን የነደፈችው መሐንዲስ የሟቹ ልጅ ናት።

«ብሎኖቹ ተበጥሰው ነው» አለች አመድ በመሰለ ፊት። «የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ብሎን ካልተበጠሰ ክዳን አይበርም» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ላቡን እየጠረገ። «እኔ ግን ያዘዘችውን ነው ያወጣሁት። ብሎኑም፣ በላዩ የሚጠብቀው ዳዶም ሙቀትና ግፊት የሚችል፣ ምልክት የተመታበት። ሟቹ ደግሞ ምልክቱን ሳያይ አንዲት ዳዶ አይገጥምም።»

ፎርማኑ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ ከዚያኛው ሕንፃ ነበርኩ፤ ስደርስ በሩ ታሽጓል። አይፍረዱባት፣ ልጅ ናት። ብሎን ጠንካራ ሆኖ ዳዶው ከለሰለሰ ጥርሱ ይላጣል። ሁለቱን ማመጣጠን ደግሞ ልምድ ይጠይቃል።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ብቻዋን ወደ ጋኑ ሄደች። ሸራውን ገለጠች። ብሎኖቹ አንድም ሳይበጠሱ ቆመዋል፤ ጥርሳቸው መሀል የተላጠ ብረት ተሰግስጓል። ሞረድ አወጣች። ብሎኑ ላይ ተንሸራተተ፤ ከክዳኑ ጋር የተፈናጠረውን ዳዶ ግን እንደ ሳሙና ላገው። በዳዶው ላይ የተቀባውን ቀለም ስትፍቅ ምንም ምልክት አልነበረም።

ሦስቱንም እዚያው አስጠራቻቸው።

«ልጄ፣ ብሎንሽ አልተበጠሰም። ይህ ግን አንቺ ያዘዝሽው ዳዶ አይደለም፤ ለተራ የውሃ ቧንቧ የሚሆን ነው። አባትሽ ምልክት የሌለው አይገጥምም። ስለዚህ እሱ ከገጠመ በኋላ አንድ ሰው ዳዶዎቹን ቀይሮ፣ እንዳይታወቅ ቀለም ቀብቷል። ሁለታችሁ ብሎን ተበጠሰ ብላችኋል። አንድ ሰው ብቻ፣ ገና በሸራ እንደተሸፈነ፣ የዳዶው ጥርስ እንደተላጠ ያውቅ ነበር።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ፎርማኑ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሊገድለው የፈለገ የለም! ትንሽ እንዲያሾልክና ሥራዋ እንዲናቅ ብዬ ነው። አለቃ ሊያደርጓት ነበር። በጀርባዬ ላዘልኳት ልጅ እንዴት ልታዘዝ?»

«ሲያሾልክስ፣ ወጥቶ የሚያጠብቀው ማን ነው?» አለች መርማሪዋ።

ፎርማኑ እስከዚያች ደቂቃ ይህን ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ወንድሜ» አለ። «ሁልጊዜ ወንድሜ ነው።»

ልጅቷ ራሷን ስትከስ ለአባቷ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም ነበር። አሁን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና «አባዬ!» ብላ ጮኸች። አጎቷ እንደ ልማዱ ሊያነሳት እጁን ዘረጋ። እጁ ላይ ግን ካቴና ገባ።