ጎርማድ በጋሻ ላይ እንዴት ተሣለ

በእንዛር መንግሥት፣ በንጉሥ አርማድር ዘመን፣ አንድ ማለዳ የታላቁ መጽሐፍ አርባኛ ገጽ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጎርማድ የተባለው አውሬ እዚያ ገጽ ላይ ተሥሎ ነበር። ቀትር ሳይሆን ሁለት መንደር አቃጠለ።

ሠዓሊው አለቃ ምሕረቱ ታሰሩ። የእንዛር ሠዓሊ ክፉን ፍጥረት ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሥለዋል፤ ሁለት ዓይን ያገኘ ክፉ ከብራናው የሚወጣበትን መንገድ ያያልና። አለቃ ምሕረቱ ይህን ሕግ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲጠየቁ አልካዱም። አንዱ ዓይን እጅግ አምሮላቸው ሁለተኛውን እንደጨመሩ ተናገሩ።

ንጉሡ ፈረደ። «ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ አውሬው ካልታሰረ፣ በዙፋኔ እምላለሁ፣ ይህ ሰው ይሰቀላል።»

የአለቃ ምሕረቱ ልጅ ትርሲት አውሬውን በአንድ ዓይን መልሳ ሥላ ልታስረው ቀለሟንና አንድ ብራና ይዛ ተነሣች። አብሯት የሄደው ጦረኛው ደረሶ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ፈረሳቸው ማነከሱን ተናገሩ።

ያን ቀን በአመድ ላይ ጋለቡ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎርማድን ከጥቁሩ ገደል ሥር አገኙት። ትርሲት ከድንጋይ ጀርባ ሆና ብራናውን ዘረጋች። የአውሬው ትንፋሽ ሲደርስበት ብራናው ተኮማትሮ ተሰባበረ። ከዚህ የከፋም ነበር። ጎርማድ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ ይዞራል። ጎኑን ሳታይ ጎኑን ልትሥል አትችልም።

ደረሶ ጋሻውን ከክንዱ ፈታ። በዚያ ዘመን የእንዛር ጋሻ ሥዕል የሌለበት የጎሽ ቆዳ ነበር። ወፍራም ነው፤ ትንፋሹን ይችላል።

«እዚህ ላይ ሣዪው» አላት።

«አንተስ?»

«እኔ ወደዚያ እሮጣለሁ። እኔን ሲያይ አንቺ ጎኑን ታያለሽ።»

«ያለ ጋሻ?»

«ሁለት ጋሻ የሰጠኝ የለም። ደግሞ እንደ አባትሽ ላሳምረው አትበዪ፤ ቶሎ ጨርሺ።»

ሮጠ። እየሮጠም አውሬውን በእናቱ ሰደበው። ጎርማድ አንገቱን አዞረ። ትርሲት ቀንዱን፣ መንጋጋውን፣ አንገቱን በአንድ መስመር አወረደች። እሳቱ ሲወጣ አየች። የደረሶንም ጩኸት ሰማች። እጇን አላቆመችም። አንዱን ዓይን አስቀመጠች።

ገደሉ ጸጥ አለ። አውሬው ጋሻው ላይ ነበር። ደረሶ ግን የትም አልነበረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከተማ ገባች። አለቃ ምሕረቱ ከገመዱ ሥር ተፈቱ። ንጉሡም የእንዛር ጋሻ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ አንድ ዓይኑን አውሬ እንዲይዝ አዘዘ። እስከ ዛሬም ይይዛል።

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ ትርሲት አልፋቸው ሄደች። የደረሶ እናት በከተማው በር አጠገብ ቆመው ነበር። ጋሻውን አስረከበቻቸው። እሳቸውም ሥዕሉን በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ።

«አልደረቀም» አሉ።

«ይደርቃል፣ እማማ» አለች ትርሲት።