የአምስተኛው ፎቅ ደስተኞች

በዚህ ታሪክ የምናገኘው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል። ጥፋት የሚያጠፉት ክፉዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሥራችን ቀላል ነበር፤ ክፉውን አይቶ መንገድ መቀየር ነው። ይህ ሰው ግን ሰላምተኛ፣ ለሰው አዛኝ፣ ሚስቱን አክባሪ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለችው፤ ደረጃ መውጣት አይወድም።

ሥራው መጠየቅ ነው። ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ጥያቄያቸውን በቅጽ አትመው ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ቅጹን ታቅፎ ከቤት ቤት እየዞረ መልሱን ይሞላል። በዚህ የተነሳ ስሙን ሁሉም ረስቶት «ጠያቂው» ነው የሚባለው። ልጆቹ ሳይቀሩ «ጠያቂው አባታችን» ይላሉ፣ ትንሽ ሲያናድዳቸው።

ያን ሰሞን የያዘው ጥናት ከበድ ያለ ነበር። ሰው ሲበደል ወዴት ይሄዳል? በስብሰባ ላይ የልቡን ይናገራል ወይስ አጠገቡ ያለው እጁን ሲያወጣ አብሮ ያወጣል? ባለሙያ አጥንቶ የነገረውን ያምናል ወይስ ጎረቤቱ በመስኮት የነገረውን? ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ነች። የማኅበራዊ ጥናት ዶክተር ስለሆነች መርፌ አትወጋም፤ ነዋሪው ግን ይህን እስኪረዳ ድረስ ባያት ቁጥር እጅጌውን ይሰበስብ ነበር።

የሚጠናው አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው። በየፎቁ አሥራ ሁለት ቤት አለ። መግቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት አቤቱታ ሰሚ በሳምንት ሁለት ቀን እየተቀመጡ የነዋሪውን ቅሬታ ይቀበላሉ። የሕንፃው አስተዳደር ይህችን ክፍል ዘግቶ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሊያደርጋት አስቧል። ነገር ግን ሕግ አክባሪ ነውና «ጥናቱ ይውጣ፣ ከዚያ በነዋሪዎች ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን» አለ። እስከዚያ ድረስ ያሉት አቤቱታዎች ሁሉ «ጥናቱን ይጠብቁ» ተባሉ።

ጠያቂው አራቱን ፎቅ በሐቅ ሠራ። በየበሩ አንኳኳ፣ ውሻ ታገሠ፣ ስለ ፍትሕ ሲጠይቅ ስለ ኩላሊታቸው የሚነግሩትን አዳመጠ። አብዛኛው ሰው «ይመስገነው፣ ደህና ነን» አለው። አንዳንዱ ሲጨርስ አገጩን ወደ ጣሪያው ቀስሮ «እኛስ ደህና ነን፤ የላዮቹን ጠይቃቸው» ይለው ነበር። ጠያቂው ለዚህ አነጋገር የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ ስላላገኘ አልጻፈውም።

አራተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ አቤት አለ። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል። በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሲሆን ወረቀቱ ራሱ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ጠያቂው የቀረውን ደረጃ ቀና ብሎ አየው። ደረጃውም ቁልቁል አየው። ከዚያ አሥራ ሁለት ባዶ ቅጾች ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በጎን ታየው ነበር። ምሳውን በልቶ ጠረጴዛውን ጠረገና ቅጾቹን ዘረጋ። አጠገቡ ሁለት ሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ደግሞ መጻፍ የሚያስቸግር አስቀመጠ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችው።

«አምስተኛ ፎቅን እየጠየቅሁ ነው።»

«ከዚህ ሆነህ?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ያው ሰው ነው። አራት ፎቅ ሙሉ ደህና ነኝ ካለ አምስተኛው ምን ሊል ነው? አሥራ ሁለት ቅጽ ደግሞ ከስልሳ ውስጥ ምን ይታያል?»

«እኔ ታላቂቱን ለክቼ የታናሿን ቀሚስ ብሰፋስ?»

«እሱ ጨርቅ ነው።»

«ጨርቁማ ልክ ካልሆነ ይተረተራል» አለችና መኪናዋን ረገጠች።

ጠያቂው ሥራውን ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሲሠራ ጎበዝ ነው። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ዕድሜ ሰጠ፣ ትዳር ሰጠ፣ ሦስቱን ጡረታ አወጣ። የማይጽፈውን እስክሪፕቶ ለአንዲት ችኩል ነርስ መደበላት። አዛኝ ሰው ስለሆነ አንዳቸውንም ሊያስከፋ አልወደደም፤ ሁሉም ደስተኞች ሆኑ። በተለይ ሃምሳ ሰባተኛውን ቅጽ ወደደው። ባለቅጹ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፣ ግን ብርቱና ተጫዋች ናቸው። «ተጨማሪ አስተያየት» በሚለው ላይ «እዚህ ሕንፃ ላይ ፍትሕ እንደ ጎረቤት አንኳኩታ ትገባለች» ብለው ተናገሩ። ጠያቂው ይህን ሲጽፍ ዓይኑ ትንሽ እንባ አቀረረ።

በሳምንቱ ዶክተሯ ደወለችለት። ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቅሬታ የሚባል ነገር የለም እኮ! በተለይ አምስተኛ ፎቅ! እንዲህ ያለ ፎቅ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ክፍሏ ትዘጋ የሚለውን ሳልወድ በግድ ልጽፍ ነው። ስብሰባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የባቡር ነጂውን ቃል እዚያ ላነብበው ስለምፈልግ ሄደን እናስፈቅዳቸው።»

«ማንን?»

«ሃምሳ ሰባተኛውን አባት።»

ጠያቂው ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው።

ጠዋት ሕንፃው በር ላይ ተገናኙ። ዶክተሯ ደረጃውን እንደ ፍየል ትወጣለች። ጠያቂው በየፎቁ ምክንያት ያቀርባል።

ሁለተኛው ላይ «ተኝተው ይሆናል» አለ።

«በሦስት ሰዓት?»

ሦስተኛው ላይ «ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው አይወዱም።»

«ቅጹ ላይ ተጫዋች ናቸው ብለው ነው የጻፉት።»

አራተኛው ላይ የሚለው አጣ፤ አየርም አጣ።

አምስተኛው ፎቅ ሲደርሱ ዶክተሯ ቆመች። ጠያቂውም ቆመ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ከአሥራ ሁለቱ በር አሥራ አንዱ በቁልፍ ተከርችሟል፤ በቁልፎቹ ላይ ዝገት ወጥቷል። ጣሪያው አብጦ ተሰነጣጥቋል። ወለሉ ላይ ሳፋ፣ ባልዲ፣ አሮጌ ድስት ተደርድሯል፤ ጠዋት ከዘነበው ዝናብ የቀረው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ክፍት የሆነው አንድ በር ብቻ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ሽማግሌ ሴት ወንበር አውጥተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ጉልበታቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጠያቂ መጣ?» አሉ። «ከጥናቱ ነው? ጎሽ! ይመጣል ከተባለ ጀምሮ በሬን ከፍቼ ስጠብቅ ሁለት ሳምንቴ። መልሴን ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። ሌሎቹ ጣሪያው ሲብስባቸው አንድ በአንድ ወጡ፤ እኔ ግን አቤቱታዬ ሳይታይ የት ልሂድ?»

ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የባቡር ነጂው የትኛው ቤት ናቸው?» አለች።

«የምን ባቡር ነጂ? እዚህ እንኳን ባቡር ሊፍትም የለም።» ሴትዮዋ መነጽራቸውን ቀና አድርገው ጠያቂውን ትክ ብለው አዩት። «አንተ! አንተን አላውቅህም? ሦስተኛ ክፍል፣ መስኮት ጥግ! አሥራ ሁለት ሲባዛ በአምስት?»

«ስልሳ፣ ቲቸር» አለ ጠያቂው። አፉ ሳያስፈቅደው ነው የተናገረው።

«ፊትህ ከተቀመጠችው ልጅ ደብተር ትገለብጥ የነበርከው!»

ጠያቂው ይህን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ቁልቁል ነው፤ ደረጃ መውረድ ደግሞ እንደ መውጣት አይከብደውም። ነገር ግን ሁለት ሳምንት የተከፈተውን በር አየው፤ ተጽፎ የተጣጠፈውን ወረቀት አየው። እግሩ እምቢ አለው።

«ዶክተር» አለ፣ «ባቡር ነጂው የለም። እኔ ነኝ የወለድኩት። ነርሷም የለችም። አሥራ ሁለቱንም ቤቴ ተቀምጬ ነው የሞላሁት።»

ዶክተሯ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ሌላውስ ቅጽ?»

«ሌላው እውነት ነው። እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ እውነተኛ ሰው ነኝ።»

ዶክተሯ ሳቋ መጣና ዋጠችው። ቀጥሎ የተናገረችው ግን ሳቅ አልነበረበትም። «አሥራ ሁለት ቅጽ ምን ይታያል ብለው ይሆናል። የሕንፃው ችግር በሙሉ ግን እዚህ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። አቤት የሚሉትን ሰዎች ዝም ያሰኟቸው አስተዳደሩ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። እኔም በጥናት ስም ማኅተም ላደርግበት ነበር።»

«አሁንስ ከማን ገለበጥክ?» አሉ መምህርቷ።

«ከራሴ፣ ቲቸር።»

«ተሻሽለሃል ማለት ነው?»

ጠያቂው አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንድ ባዶ ቅጽ አወጣና ወለሉ ላይ፣ በሁለት ሳፋ መካከል ተቀመጠ። «ጥያቄ አንድ» አለ። «በደል ሲደርስብዎት ወዴት ይሄዳሉ?»

መምህርቷ መናገር ጀመሩ። ለተጨማሪ አስተያየት የተተወው ቦታ ሦስት መስመር ነው፤ የእሳቸው አስተያየት ሰባት ገጽ ሆነ።

በቀሩት ሁለት ቀናት ጠያቂው በሕይወቱ ያልወጣውን ደረጃ ወጣ። ከአምስተኛው ፎቅ የለቀቁትን አሥራ አንድ ቤተሰቦች ፈልጎ አገኛቸው፤ አንዱ እህቱ ዘንድ ተጠግቷል፣ አንዷ ከነልጆቿ የአማቿ ጋራዥ ውስጥ ናት። ደስተኛ ነኝ ያለው የለም። ሁሉም ግን ሊያወሩ የቸኮሉ ነበሩ፤ አንዳቸው እንዲያውም «ማን ላካችሁ? የት ነበራችሁ?» ብለው እጁን አልለቅም አሉት።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ «ክፍሏ ትዘጋ የምትሉ...» ብለው ሳይጨርሱ ጠያቂው ብድግ አለ። ዶክተሯ ልትናገርለት ፈልጋ ነበር፤ «አይሆንም፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት። ሁሉንም ተናገረ፤ ባቡር ነጂውን ሳይቀር። ከዚያ ከኋላ የመጀመሪያው ፎቅ ባለ ሉካንዳ ጮኸ፦

«ሰውዬ! እኔንስ አግኝተኸኛል? እውነተኛ ነኝ?»

«እርስዎ እውነተኛ ነዎት፤ ውሻዎም እንዲሁ» አለ ጠያቂው የተቀደደውን የሱሪውን እግር እያሳየ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት ሴት ተነሥታ «እኔም እጄን ላወጣ የነበረው ጎረቤቴ ስላወጣች ነው፤ የላዮቹን ሳልሰማ» አለች። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የአምስተኛው ፎቅ ቅጾች ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይነበቡ አሉ። ተነበቡ። ክፍሏ አልተዘጋችም። የጣሪያው አቤቱታም የመጀመሪያው መዝገብ ሆነ፤ በወሩ ሠራተኞች መሰላል ተሸክመው ወጡ።

እንግዲህ ወገኔ፣ ቅጽ የምንሞላ፣ እጅ የምናወጣ፣ «ሰው ሁሉ ደህና ነው» የምንል ሁላችን ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። ሳንጠይቀው የቀረን ሰው ብዙውን ጊዜ ዋናውን መልስ የያዘው እሱ ነው፤ ለመድረስ የሚያስቸግር ቦታ ላይ የሚኖረውም ስለተቸገረ ነው። በስሙ የሚናገርለት ደግ ሰው አይደለም የሚያስፈልገው፤ በሩን የሚያንኳኳለት ነው።

ጠያቂው ዛሬም ይጠይቃል። ዶክተሯ ከእያንዳንዱ አሥር ቅጽ አንዱን ራሷ ሄዳ ታጣራለች፤ እሱም ሥራው ሲጣራ ደረቱን ነፋ አድርጎ ይጠብቃል። ሥራ በጀመረ ቁጥር የላይኛውን ፎቅ ያስቀድማል። ሚስቱ አንድ ቅጽ ግድግዳው ላይ ሰቅላበታለች። ቅጹ የመምህርቷ ነው። ከመፈረማቸው በፊት ሰባቱንም ገጽ አንብበው፣ ሁለት የፊደል ስሕተት በቀይ እስክሪፕቶ አርመው፣ ጥግ ላይ እንዲህ ጽፈውበታል፦

«ከአሥር ስምንት። ሁለቱ የተቀነሰው ስለዘገየህ ነው።»